ካሴቱ እኛ ቤት ነበረ

ባለፈው የዕረፍት ወራት አታት ላይ፣ በአንድ ጓደኛችን አባት ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ቆሎ ቀርቦ ስንጨዋወት ከመካከላችን አንዱ ስልኩን አውጥቶ አንድ ሙዚቃ ከፈተ። አጎቱ ከዋሽንግተን የላከለት ነው። ዘፋኝ የለበትም፤ ኦርጋኑ እየመራ ሌሎቹ መሣሪያዎች እየተከተሉት የሚሄድ የድሮ ዜማ ነው። እኛ እንደ ብርቅ ቆጥረነው፣ ስለ ሙዚቃው የተጻፈውን ከስልኩ ላይ እያነበብን ስንከራከር፣ የጓደኛችን አባት ስኒያቸውን አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ አዳመጡና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ካሴት እኮ እኛ ቤት ነበረ» አሉን።

ሙዚቃው የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ትዝታ» ነበር። በ1975 በካሴት ብቻ ወጥቶ፣ ከጥቂት ወዳጆቹ በቀር አስታዋሽ አጥቶ ከኖረ በኋላ፣ በ2021 በአሜሪካን አገር እንደ ገና ታትሟል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እናስቀምጣለን፤ በዳግም ኅትመቶቹ ላይ የሰፈረው እሱ ነውና።) አዛውንቱ በወጣትነታቸው መርካቶ ሱቅ ተቀጥረው ሲሠሩ ካሴቱን ገዝተው፣ ለመስቀል ወደ አገር ሲገቡ ከቴፑና ከባትሪ ድንጋዩ ጋር ይዘውት መጡ። ብቻውን አልነበረም። ከሌሎች ያማርኛና የጉራግኛ ዘፈኖች ጋር በአንድ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ሳጥኑ ይፈለግ ተባለ። ከአልጋ ሥር ወጣ። አቧራው ተራግፎ ሲከፈት አሥራ ሰባት ባዶና ሙሉ የካሴት ልባስ ቆጠርን። ካሴት የተገኘው ግን በአራቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከአራቱም አንዱ ሻግቷል። «የቀሩትስ?» ተብሎ ሲጠየቅ ጓደኛችን አንገቱን ደፋ። እሱና ወንድሞቹ ልጆች ሳሉ ክሩን ከካሴቱ እየጎተቱ በጤፉ ማሳ ላይ ከእንጨት እንጨት ወጥረውት ነበር። ነፋስ ሲመታው ያፏጫል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል፤ ስለዚህ ወፍ ያባርራል። ብልኃቱ በብዙ ቤት የታወቀ ነው፤ ከእኛም መካከል በልጅነቱ ይህን ያላደረገ የለም ማለት ይቻላል። ሁላችንም ሳቅን። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። «ወፉስ ተባረረ። የጉራግኛዎቹም አብረው ተባረሩ» ብለው ሳጥኑን ዘጉት።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ነው። ዋልያስ ከባሕር ማዶ ተመልሶልናል፤ ደስ ብሎናል። ከዚያው ሳጥን የጠፉትን ሌሎቹን ግን ከየትም አገር የሚልክልን አጎት የለንም።

በመጀመሪያ ስለ ዳግም ኅትመት ጥቂት እንበል። በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ ባንድ በወጣትነቱ፣ ገና ስም ሳይኖረው፣ በትንሽ ገንዘብ ያወጣቸው ሥራዎች ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲታተሙ የቀድሞው ሸክላ ብቻ አይቀርብም። በዚያን ጊዜ ተቀድቶ ያልወጣው፣ ለልምምድ የተቀዳው፣ በሬዲዮ የተጫወቱት ይታከልበታል። መቼና የት እንደ ተቀዳ፣ ከበሮውን ማን እንደ መታ፣ ሽፋኑን ማን እንደ ሣለ የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍም አብሮ ይታተማል። «የሰፋ ዳግም ኅትመት» የሚሉት ይህን ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ስማቸውን «ኦሬንጅ ጁስ»፣ ማለትም የብርቱካን ጭማቂ፣ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። በ1980 እና በ1981 ፖስትካርድ የተባለ አሳታሚ የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸውን አወጣላቸው። አሳታሚ ይባል እንጂ ከአንድ ወጣት መኖሪያ ቤት የሚመራ ትንሽ ሥራ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሥራው ቆመ። ነገር ግን በ2005 እነዚያ ሸክላዎች፣ በጊዜው ተቀድቶ ሳይወጣ ከቀረ አንድ ሙሉ ሥራ ጋር ተጣምረው፣ በአንድነት ታተሙ። ይህ ሊሆን የቻለው ልጆቹ ከእኛ ልጆች ይልቅ ጥበብ ስለ ነበራቸው አይደለም። ያልወጣውን ቴፕ አንድ ሰው ሳይጥለው ስላስቀመጠው ብቻ ነው። እስቲ ይህችን «አንድ ሰው» የምትለውን ቃል ያዙልን፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። በ1948 በወጣ የመንግሥት ትእዛዝ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ ወጣት ይህን አጥር ጥሶ «አምሃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላውን እስከ ሕንድና እስከ ሊባኖስ ድረስ ልኮ ያሳትም ነበር። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላና ወደ አንድ ደርዘን የሚሆን ረጅም ሸክላ አወጣ። ከዚያ በኋላ አገሩን ለቆ ወጣ። ከአምሃ ቀጥሎ «አሊ ታንጎ» በመባል የታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ስም ሥራውን ቀጠለ። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሆኖ የሠራው «እረ መላ መላ» በ1975 የወጣው በካይፋ ነው።

ማሕሙድን ለአታት ልጅ ማስተዋወቅ ለባለቤቱ ቤቱን እንደ ማሳየት ነው። መርካቶ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ጫማ ጠርጎ፣ በአሪዞና ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሠርቶ፣ ከዚያ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለታላቅ ዝና የበቃ የጉራጌ ልጅ ነው። «እረ መላ መላ»ን በ1986 ብራስልስ የሚገኘው ክራመድ ዲስክስ እንደ ገና አሳተመው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ጀመረ፤ በ2017 ቁጥሩ 30 ደረሰ። ያባቶቻችንን ዘመን ዘፈን ዛሬ ፓሪስና ቶኪዮ የሚያዳምጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋልያስ ከመጀመሪያዎቹ የግል ባንዶች አንዱ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሙዚቀኛ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ወይም የቴአትር ቤት ደመወዝተኛ ነበር፤ የሚነፋው ጥሩምባ እንኳ የመንግሥት ንብረት ነው። የዋልያስ ልጆች መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዝተው ከሆቴልና ከክበብ ጋር በራሳቸው ውል ይሠሩ ነበር። የሰዓት እላፊ በታወጀበት ዘመን በሂልተን ሆቴል እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ምክንያቱም ከእኩለ ሌሊት በኋላ አዳማጩም ሙዚቀኛውም ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። «ትዝታ» በ1975፣ «ቼ በለው» በ1977 ወጡ። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ዝግጅት ሲሄድ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ በዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በሲንተሳይዘር ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ኖረ። ኦርጋኑን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለእኛ ዋናው ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከተማ ካሴት ቤት ገብቶ ይህን የ1985 ካሴት አገኘው። አዳመጠው፣ ወደደው፣ ባለቤቱን አፈላልጎ ስልክ ደወለለት። ተዋውለው በ2013 አሳተመው። በ2014 «ቼ በለው»፣ በ2021 «ትዝታ» ተከተሉ። ኃይሉም ከታክሲው ወርዶ እንደ ገና መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ።

ልብ አድርጉ፤ ካሴቱ የተገኘው ባሕር ዳር ነው። በየቀኑ ስንትና ስንት ኢትዮጵያዊ በዚያ ካሴት ቤት ደጃፍ አልፏል። አንዱ እንግዳ ቆመ፣ ጠየቀ፣ ገዛ። እኛ ደግሞ አታት ላይ የዚያኑ ሙዚቀኛ ሥራ ለወፍ ማባረሪያ ወጠርነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን ብድግ ብለው «ይህ ዘረፋ ነው! ፈረንጅ ማዕድናችንን ወስዶ ጨርሶ አሁን ዜማችንን ጀመረ» ይላሉ። ቁጣቸውን እናከብራለን፤ በተማሪ ጉባኤ ላይ ሲነገርም ጭብጨባ ያስገኛል። ነገር ግን ቁጣ ሁሉ እውነት አይደለም። ሙዚቀኛውን ሳይጠይቅ፣ ሳይዋዋል፣ ሳይከፍል የሚያሳትም ካለ ሌባ ነው፤ ፈረንጅም ይሁን ያገር ልጅ እናወግዘዋለን። የ«ትዝታ» አሳታሚ ግን ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ለእኩል የመካፈል ልማድ እንዳለው በይፋ የታወቀ ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ካሴት እያባዛ በየመንገዱ ሲሸጥ የኖረው፣ ዛሬም በፍላሽ እየገለበጠ የሚቸረችረው የኛው ሰው ለዘፋኙ ስንት ሳንቲም ሰጥቶ ያውቃል? እኛስ ገዝተን ስናዳምጥ ጠይቀን እናውቃለን? የጣሉትን ያነሣ ሌባ አይባልም። ይልቁንስ ጣዩ ማን እንደ ሆነ ይጠየቅ።

የቅሬታችን ቦታ ሌላ ነው። ፈረንጁ የሚመርጠው ለፈረንጅ ጆሮ የሚጥመውን ነው። ይህ መብቱ ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው እሱ ነውና። ኦርጋን፣ ሳክስፎንና ኤሌክትሪክ ጊታር ያለበትን፣ ከራሱ ጃዝና ከራሱ ዳንስ ጋር የሚዛመደውን አንሥቶ ያሳትማል። የአታትን፣ የእምድብርን፣ የጉንችሬን ሠርግ ያሞቀውን፣ በጭብጨባና በከበሮ የተቀዳውን የጉራግኛ ካሴት የሚያነሣው ማን ነው? ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ግጥሙን ሊያደንቅ አይችልም። በጀፎሮው ላይ ሲጨፈርበት ያላየ ሰው ለምን እንደሚፈጥን አይገባውም። እንግዲህ ሌላው ሊሠራልን የማይችለው ሥራ ይህ ነው። ዋልያስን ሌላ ሰው አዳነልን። የራሳችን ሰፈር ዘፋኝ ግን ከእኛ በቀር ዘመድ የለውም።

ደግሞም ቀደም ብለን «የሰፋ» ያልነውን አስታውሱ። ነገ አንድ ቸር ሰው ተነሥቶ የጉራግኛን የድሮ ካሴቶች ላሳትም ቢል ምን ይጨምርበታል? ያልወጣው ቅጂ የት አለ? ክራሩን የመታው፣ እልል ያሉት ሴቶች እነማን ናቸው? በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በየትኛው ቤት ተቀዳ? በልባሱ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍና የሙዚቃ ቤቱ ስም ብቻ አለ፤ ሌላ የለም። የሚያስታውሱት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እየተለዩን ነው። ሸክላው ቢሰበር ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል። «ያንን ዘፈን የቀዳነው የእገሌ ሠርግ ዕለት ነው» የሚሉት ሰው ሲሞቱ ግን ሌላ ቅጂ የላቸውም።

በዚህ ጉዳይ ሌላውን ስንወቅስ ራሳችንን እንዳንረሳ። ይህ በማባዣ ማሽን የሚታተም መጽሔታችን ከተጀመረ ስንት ዓመት ነው? ያለፉት ቁጥሮች የት አሉ? ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች ፈልገን አንድም አላገኘንም። ከእኛ በፊት የነበሩት አዘጋጆች ይዘዋቸው ሄደው ይሁን፣ ቆሎ ተጠቅልሎባቸው ይሁን የሚነግረን ሰው አጣን። የራሱን ወረቀት ያላስቀመጠ የተማሪ ማኅበር ስለ አገር ቅርስ ሲናገር ሊያፍር ይገባዋል። እኛም አፍረን ነው የምንጽፈው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ሕዝቡ ውኃ፣ መድኃኒትና መብራት ይፈልጋል፤ እናንተ የድሮ ዘፈን ትለቅማላችሁ። ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ጓደኞቻችን ቅን ሰዎች ስለ ሆኑ በቅንነት እንመልስላቸው። አምሃ ሪከርድስ በተቋቋመበት በ1969 እዚህ አታት ላይ የሕክምና ሚሲዮን እኅቶች ሆስፒታል ከፈቱ። ከእኛ መካከል እዚያ ያልተወለደ ወይም ወንድሙ እዚያ ያልታከመ ጥቂት ነው። ሆስፒታል ሲገባ የመጀመሪያው ነገር ምንድን ነው? መርፌ አይደለም፤ ካርድ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ከዚህ በፊት የታመሙት ሕመም ይጻፋል። ያለፈውን ያልመዘገበ ሐኪም የዛሬውን ማከም ይቸግረዋል። መመዝገብ የጠገበ ሰው ጨዋታ ቢሆን ኖሮ የታመመ ሰው ካርድ አውጣ ባልተባለ ነበር።

ስለ መንገዱም እናስታውስ። የጉራጌ ሰው መርካቶ ሆኖ ከጫማ ጠረጋውም ከሱቁም ገንዘብ አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ እንዳሠራ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ያን ጊዜም «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ምን አገባን» ያለ ሰው ሳይኖር አልቀረም። አባቶቻችን ግን መንግሥትን እየጠበቁ አልተቀመጡም። በዚያ መንገድ ዶማና ቆርቆሮ ብቻ አልገባም፤ ለመስቀል ቴፕና ካሴትም ገብቷል። መንገዱን ያሠሩት ሰዎች ሲደክማቸው ያዳመጡትን ዘፈን መጣል ድካማቸውን በከፊል መጣል ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የስንፍና ነው። «ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» ይላል። ሁሉም የለም። ያለውም ቢሆን አንዱ ከሌላው እየገለበጠ፣ መግቢያው ተቆርጦ፣ የዘፋኙ ስም ተሳስቶ፣ የተጫዋቾቹ ስም ጨርሶ ሳይጠቀስ የተሰቀለ ነው። የሰቀለው ሰው ባሰኘው ቀን ያወርደዋል። በሌላ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ የኛ አልበም ውስጥ ገባ አይባልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወቅሶ መፍትሔ ሳይሰጥ የሚቀመጥ ጽሑፍ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ በዛ የኛ እንደዚያ እንዲሆን አንፈልግም። ለመጪው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ለመስቀል ወደየቤታችን ስንገባ እያንዳንዳችን የቤታችንን ሳጥን እንክፈት። የካሴት ክር በላስቲክ ጥብጣብ ላይ የተለጠፈ እንደ ዝገት ያለ የብረት ዱቄት ነው። ድምፁ ያለው በዚያ ዱቄት ላይ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይላላል፣ ዱቄቱም ይረግፋል። ስለዚህ ካሴቱን ከእሳት ጢስና ከእርጥብ ግድግዳ አርቀን፣ እንደ መጽሐፍ አቁመን እናስቀምጠው። የሻገተውን በቴፕ አናጫውተው፤ ክሩን ይበጥሳል፣ ቴፑንም ያበላሻል።

2ኛ፤ ከካሴቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ጥግ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የላስቲክ ጥርሶች እንስበር። እነሱ ከተሰበሩ በስሕተት በላዩ ላይ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። በዚህች ትንሽ ነገር ባለማወቅ ስንት ሠርግ በእግር ኳስ ጨዋታ ተተክቷል!

3ኛ፤ ለእያንዳንዱ ካሴት እንደ ሆስፒታሉ ካርድ እናውጣለት። ዘፋኙ ማን ነው? መሣሪያውን እነማን ተጫወቱ? የትኛው ሙዚቃ ቤት አወጣው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ማን ገዛው፣ የት ገዛው፣ በየትኛው በዓል ተዘፈነበት? አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አጠገባቸው ቁጭ ብለን እንጠይቅ፤ ያሉትንም በራሳቸው ቃል እንጻፍ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና አንድ ቀን ትዕግሥት ይበቃል።

4ኛ፤ ማኅበሩ አንድ ደኅና የካሴት ማጫወቻ ይግዛ። ከኮምፒዩተር ጋር በሽቦ አገናኝቶ መቅዳት ከእኛ የኤሌክትሪክ ትምህርት ተማሪዎች አቅም በላይ አይደለም። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ በሲዲ ጥራት ሲቀዳ 600 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ መቶ ካሴት 60 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ይህ በአንድ የጣት ፍላሽ ውስጥ ይገባል። ሁለት ቅጂ ይደረግ፤ አንዱ በማኅበሩ፣ ሌላው በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ካሴቱ ራሱ በፊርማ ተወስዶ በፊርማ ለባለቤቱ ይመለስ። ከአዛውንት ሳጥን ወስዶ አለመመለስ ከወፍ ማባረሪያውም የከፋ ነው።

5ኛ፤ የተቀዳውን ያለ ፈቃድ አንበትን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ (ይህ ቁጥር ባገራችን አቆጣጠር ነው)። የደራሲው የጥቅም መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ እኛ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለንም። ዘፋኙን ወይም ልጆቹን ፈልገን እንጠይቅ፤ ከፈቀዱ እናሰማለን፣ ካልፈቀዱ እንጠብቃለን። ባሕር ማዶ ያለ አሳታሚ ስልክ ደውሎ ባለቤቱን ካገኘ እኛ አንድ ወንዝ ተሻግረን ማግኘት እንዴት ያቅተናል?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለን መልሱ ቅርብ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ መጨረሻ ለሚያደርገው የዳንስ ምሽት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ይከራያል። በአንድ ሌሊት ጆሯችንን ለማደንቆር ከምናወጣው ላይ ጥቂት ቢቀነስ ማጫወቻው ይገዛል። ዳንሱ ይቅር አላልንም፤ እኛም እንወዳለን። እንዲያውም በሚመጣው ዓመት በዚያው ምሽት ለአንድ ሰዓት ያህል ከየቤታችን ሳጥን ያገኘነውን፣ ባለቤቱ የፈቀደውን ብናጫውት ዳንሱ የሚሞቅ ይመስለናል። ይህን ሐሳብ በቃል ስናነሣ የሣቁ ነበሩ። አሁን በጽሑፍ አቅርበናል፤ የሚሥቅ በጽሑፍ ይሣቅብን፣ ወይም እጁን አንሥቶ ይደግፈን።

በግላስጎው ያልወጣውን ቴፕ «አንድ ሰው» አስቀመጠ ብለን ነበር። ባሕር ዳር ካሴት ቤት ገብቶ የቆመውም አንድ ሰው ነው። አምሃ እሸቴም ትእዛዙን ተጋፍቶ ሸክላ ሲያሳትም አንድ ወጣት ነበር፤ ዕድሜው ከእኛ ብዙ አይርቅም። ሁሉም ነገር ኮሚቴ አይጠብቅም። ጠቅላላ ስብሰባው ሐሳባችንን ቢጥለው እንኳ የቤታችሁን ሳጥን ከመክፈት የሚከለክላችሁ ደንብ የለም።

ከአታት ስንመለስ ከአራቱ ካሴቶች ሦስቱን አዛውንቱ ሰጡን። በፊርማ ነው የተቀበልናቸው፤ ፊርማው እንደሚያስፈልግ የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ የጉራግኛ ናቸው። በአንደኛው ልባስ ላይ የዘፋኙ ስም በእርጥበት ጠፍቷል። አዛውንቱ ግን ያውቁታል፤ ዜማውን ሰምተው ስሙን እንደሚነግሩን ቃል ገብተውልናል። ማጫወቻ ግን የለንም። እሳቸውም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እንግዲህ ስብሰባው ሲጠራ አትቅሩ።